ዓይናችንንም ካርዱ ላይ ጻፉልን
ክቡር አዘጋጅ፣

ደሴ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስኳር ከያዘኝ 14 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ጥቅምት ነጭ ነጠላ ስዘመዝም ጥቁር የክር ቁርጥራጭ አየሁና በእጄ አራገፍኩት። አልሄደም። ወደ ግድግዳው ስዞር አብሮኝ ዞረ። ለካስ ዓይኔ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሯል።

ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ስኳር የዓይንን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ በኋላ አዲስ የሚበቅሉት ስስ ስለሆኑ ይደማሉ። ሌዘር የሚባለው የጨረር ሕክምና የሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ዳር ዳር እየተኮሰ እነዚህን ይገታል። ጠብታ አደረጉልኝ፤ አገጬን መሣሪያው ላይ አሳርፌ እንደ መብረቅ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ብርሃን ቻልኩት። ትንሽ ይቆጠቁጣል። የተረፈኝን እይታ ጠብቆልኛል፤ የጠፋውን ግን አልመለሰም። ዛሬ መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ ልጄ ናት።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በየወሩ መድኃኒት የምወስድበት ጤና ተቋም በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እትዬ፣ ዓይንዎን ታይተው ያውቃሉ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህ የዓይን ጉዳት ሲጀምር አያምም፤ እይታም አይቀንስም። ለዚህ ነው በየዓመቱ መመርመር የሚያስፈልገው። ግፊታችንና ስኳራችን በየቀጠሮው ካርድ ላይ ይመዘገባል፤ ከሥሩ ለዓይን ምርመራ ቀን አንድ መስመር ይጨመርልን።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ