ለእታለም፦ የገንዘቡ ነገርና የአባዬ ማንኮራፋት

እታለም፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አባዬና ልጆቹ እንዴት ሰነበቱ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምልከው ገንዘብ ለምን እንደቀነሰ ጠይቀሻልና ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጣል። አብሮኝ የሚኖረው የወረባቦ ልጅ ማንኮራፋቴ ቢያስመርረው ገፋፍቶ ሐኪም ቤት ላከኝ። ቤቴ ወስጄ የምተኛበት መመርመሪያ ሰጡኝ፤ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ እንደሚቋረጥ ታየ፤ ከባዱ ደረጃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ፣ ሲፓፕ የሚሉት ማሽን ታዘዘልኝ።

«ኢንሹራንስ የለህም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። አለኝ፤ ከደመወዜ ይቆረጣል። ነገር ግን በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ከኪሴ እስኪወጣ ድረስ እጁን አይዘረጋም፤ ከዚያም በኋላ ከመቶ 20ው የእኔ ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ማሽኑ የታዘዘልኝ በኅዳር ነበርና የምርመራውን ከፍዬ እፎይ ሳልል ሁለተኛው ዙር መጣ። ማሽኑም በየወሩ የሚከራይ እንጂ ወዲያው የሚገዛ አይደለም፤ የራሴ የሚሆነው ኪራዩ ሲያልቅ ነው።

ቁጥጥሩን ብታዪ ትስቂያለሽ። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንዳደረግሁት ራሱ ይልካል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ከ30 ተከታታይ ሌሊቶች ቢያንስ 21ዱን፣ በእያንዳንዳቸው 4 ሰዓት ካልተጠቀምሁ ኢንሹራንሱ መክፈሉን ሊያቆም ይችላል። እንደ እረኛ የሚጠብቀኝ ዕቃ ነው! እንቅልፌ ግን ተመልሷል፤ መኪና ስነዳ አያንጎላጀኝም።

ለአባዬም አንድ ላክ ያልሽውን አስቤበታለሁ። የአየሩ ግፊት በምርመራ የሚወሰን ስለሆነ ዝም ብሎ መላክ አይሆንም። አንቺ እንዳልሽው ተኝተው ትን እያላቸው የሚነቁ፣ ቀንም የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ ደም ግፊታቸውም እምቢ ያለው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ለጤና ጣቢያው ይህን በግልጽ ንገሪ። የማኅበረሰብ ጤና መድኑን መዋጮ ሳይዘገይ አሳድሺ፤ ወረዳችን ተሁለደሬ እኮ መድኑን በ2003 ዓ.ም. ከጀመሩት 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። ወደ ደሴ ስትሄዱ የሪፈር ወረቀቱን አትርሱ፤ ያለዚያ ወጪው በራሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መድኑ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፤ የእንቅልፍ ማሽን ይሸፍን እንደሆነ ቀበሌውን ጠይቂ። እስከዚያው በጎናቸው ይተኙ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም ያለ ሐኪም አይውሰዱ።

የዛሬውን ገንዘብ መጀመሪያ ለመዋጮው አውጪው። ሐኪሙ ያለውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ