ለአባባ፦ ቤታችን አይሸጥ

አባባ፣ አንድ ቤት ውስጥ እያለን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። ትናንት ማታ ልነግርዎት ስጀምር እንባ ቀደመኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ደላላውን አይቼዋለሁ። እሱ ከበሩ እስከ ሰርቪሶቹ ግቢውን በእርምጃ ይለካል፣ እርስዎ የቤቱን ካርታ በጋቢዎት ሸፍነው ይዘው ከኋላ ከኋላው ይሄዳሉ። ሆዴ ተላወሰ። የእርስዎ የስኳር መድኃኒት የሚገዛው እኮ በነዚያ ሰርቪሶች ኪራይ ነው። በጡረታማ ጤፉም አይሸመትም።

ስም ያለው የአሜሪካ ኮሌጅ ሲቀበለኝ ፒያሳ ወርደው ላገኙት ሁሉ እንደነገሩ ሰምቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ግን እነ ሃርቫርድና ዬል የተቀበሉትን ተማሪ፣ ከውጭ የመጣም ቢሆን፣ እንደ ቤተሰቡ አቅም ሙሉውን ይረዳሉ፤ የእኔው እንደዚያ አይደለም፣ ግማሹን ሸፍኖ ግማሹን ለእኛ ነው የተወው፣ ያውም ለአራት ዓመት። ቤቱ የሚሸጠው በብር፣ እነሱ የሚፈልጉት ዶላር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ደግሞ ያውቃሉ። አጎቴ «እዚያ ሠርታ ትከፍላለች» ይላል፤ የተማሪ ቪዛ ግን ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢው ውስጥ ብቻ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ነው የሚያሠራው። ከኪስ ገንዘብ አያልፍም።

የተቀበለኝን ሌላኛውን ዩኒቨርሲቲ ስሙን እዚህ የሚያውቀው የለም። በውጤቴ አይቶ ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን ችሎኛል። ውጤቴ ከ3.5 እንዳይወርድ ብቻ ነው የጠየቀኝ። እሱን ለእኔ ይተዉት፣ አነባለሁ።

እርስዎ የተማሩበት የጎንደር ጤና ኮሌጅስ በ1947 ሲከፈት ማን ያውቀው ነበር? ደምቢያን ወባ ስለፈጀው አይደል የተከፈተው? እርስዎም ከዚያ ወጥተው ቆላድባ በበቅሎ እየዞሩ ምንጭ አጎለበቱ፣ ሽንት ቤት አስቆፈሩ። ዛሬም እዚያ ስሄድ «የሳኒተሪያኑ ልጅ» ብለው ነው ወንበር የሚስቡልኝ። እኔም የሕብረተሰብ ጤና ልማር የመረጥኩት በዚህ ነው፣ ነግሬዎት ግን አላውቅም።

መልስ የሚፈለገው እስከ ሚያዝያ 23 ነው። ሰኞ ለስኮላርሺፑ እሺ ብዬ እልካለሁ፣ ከዚያ በፊት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይመርቁኝ። ካርታውን ግን ዛሬውኑ ሳጥኑ ውስጥ ይመልሱት። ደላላው ከመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ፣ እኔው አነጋግሬ እሸኘዋለሁ።

የእርጅና ልጅዎት