እማዬ፣ ከመሰላሉ ልጀምርልሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ቆራጣ

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አለ። ባሕር ዳር ክረምቱ ወጥቶላት ደምቃለች፤ ጣናም ሞልቶ ዳር ዳሩን ረግጦታል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አንቺ ግን ከፋሲካ ወዲህ ስልክ ላይ ትሸሺኛለሽ። «ደህና ነኝ፣ አንተስ ደህና ነህ? በል እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ትይና ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት አይዘጋም። ለምታነብልሽ ለአክስቴ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራት፦ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ከበድ ያለው ወደ መጨረሻው ነው፤ አዝነሽላት እንዳትዘልዪው።

«ካቶሊክ ሆኛለሁ» ያልኩሽ ቀን አልጮህሽም። ብትጮኺብኝ ይሻለኝ ነበር። የያዝሽውን ስኒ ረከቦቱ ላይ መለስሽና «ወለተ ጴጥሮስ ምን ትለኛለች?» አልሽ። የቆራጣችንን ጻድቅ፣ ካቶሊክነትን እምቢ ያለችውን ማለትሽ ነው። ሌላ ቃል የለም። በረካውን እንኳ ሳትቀጂ ተነሣሽ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም፤ ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ የተጀመረው መሰላል ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ደውሎ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸግሮናል፣ ና እይልን» አለኝ። የቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ሥራ ነው። ስደርስ የካቶሊክ ነው። ፈረንጅ ጠብቄ ነበር፤ ፈረንጅ የለም። ረቡዕ ጧት ስለነበር ስድስት ሰው ቢኖር ነው፤ አራቱ ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊቶች ናቸው። ቶሎ እጨርሳለሁ ስል ከመሰላሉ ሳልወርድ ቅዳሴው ተጀመረ። እጄ የጣሪያውን ሽቦ ይፈታል፣ አፌ ብሎን ነክሷል።

ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ።

አፌ ሳያማክረኝ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ብሎ መለሰ። ብሎኑ ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ቅጭል ቅጭል እያለ እስከ መጋረጃው ድረስ ተንከባለለ። አሮጊቶቹ ቀና ብለው አዩኝ፤ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ቄሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ። እኔም ፒንሳ እንደያዝኩ፣ ከላይ ሆኜ፣ «ምስለ መንፈስከ» አልኩ። ምን ላድርግ? አንቺ አዝለሽኝ የሰማሁት ነው። ግዕዙ ያው፣ ዜማውም ጆሮዬ የሚያውቀው። የሰው ቤት ገባሁ ስል የራሴ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልጎተተኝም። ስንዴም ዘይትም አልሰጡኝም። ይህን የምለው እነማን ምን እንደሚሉሽ ስለማውቅ ነው። እንዲያውም የጥገናውን ዋጋ ተከራክረው ነው የቀነሱብኝ። ራሴ ነኝ ተመልሼ የሄድኩት፣ የመጀመሪያ ሰበቤም ያው መብራት ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ እዚህ ገና ለጋ ናት። የባሕር ዳርና የደሴ ሀገረ ስብከት ተብሎ ከሮም የታወጀው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት። የመጀመሪያው ጳጳስም ያገራችን ሰው ናቸው፣ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ።

አንቺን የሚያንገበግብሽን ላስቀድም። ዳግመኛ አልተጠመቅሁም። በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁትን ጥምቀት ሙሉ ነው ብለው ነው የተቀበሉኝ። የክርስትና ስሜም አልተለወጠም። ማተቤም ያው አንገቴ ላይ ነው፤ ይህን ስጽፍ ላቤ አርሶታል።

«ፀረ ማርያም ሆነ» ያለችሽ ጎረቤትሽ ደግሞ ትምጣና ትቁጠርልኝ። የአንቺ መቁጠሪያ 41 ፍሬ ነው። የኔ አንዱ ዙር ሲያልቅ እመቤታችንን 53 ጊዜ ሰላም ብያታለሁ። ፀረ ማርያም የሆነ ሰው እንዲህ የሚደክምበት ምን ምክንያት አለው? ፍልሰታም ይከበራል። አንቺ «ማርያም በሥጋም በነፍስም ዐርጋለች» ብለሽ የጾምሽውን፣ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1950 እ.ኤ.አ. ለመላው ካቶሊክ የሃይማኖት ድንጋጌ አድርገው አወጁት። አንቺ ቀድመሻቸዋል።

የባሕርዩን ነገር፣ የክርስቶስ ባሕርይ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን፣ ትጠይቂኝ ይሆናል። ሊቃውንቱ ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ እኔ ሽቦ ቀጣይ ነኝ፣ አልፈርድም። ግን ሳላምን ገባሁ ብዬም አልዋሽሽም። ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ጠይቄያለሁ፤ የጴጥሮስ መንበር፣ የሮማው ጳጳስ ሥልጣን ነገር አሳምኖኛል። እዚህ ላይ እንለያያለን። ይህን ማለባበስ አንቺን መናቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ወለተ ጴጥሮስ። ቆራጣ ተወልዶ የእሷን ታሪክ የማያውቅ የለም። አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክነት ሲያዘነብል (በይፋ የተቀበለው በ1622 እ.ኤ.አ. ነው)፣ ባሏ የንጉሡ ባለሟል ሆኖ ሳለ ቤቷን ትታ ወጣች። ተከሰሰች፣ ተጋዘች፣ አላጎነበሰችም። ከኢየሱሳውያኑ፣ ከፈረንጆቹ የካቶሊክ ሰባኪዎች መካከል ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ለስለስ ያለ ሰው ነበር ይላሉ። በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል፤ ፈረንጆቹ «አገኘው» ሲሉ የሰከላ ሰው ይስቃል። እሱ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡን እንደገና ተጠመቁ፣ ካህናቱን እንደገና ተካኑ አለ። ገበሬው ተነሣ። ወንድም ከወንድሙ ተራረደ። በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ፤ በቃ።

ለሥራ ጎርጎራ የሄድኩ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ የሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አይቼዋለሁ። የድንጋዩ ፈልጥ ያምራል። ቁጭ ብዬ ሳየው ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? እኔ ዛሬ ካቶሊክ ነኝ፤ በእሷ ዘመን ብኖር ኖሮ ግን ከወለተ ጴጥሮስ ጋር እሸሽ ነበር። አንተ የተጠመቅከው ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ሲሉኝ እሺ አልልም ነበር። ይህን ለቄሳችን፣ ለአባታችንም ነግሬያቸዋለሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔም ካንተ ጋር በታንኳው እሳፈር ነበር» አሉኝ።

ያደግንበት የኦርቶዶክሱም ወገን ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለደ ገብረ ሚካኤል የሚባል አንድ ዓይና መነኩሴ ነበር። እውነትን ስፈልግ ብሎ ከገዳም ገዳም ዞሮ፣ እስከ ግብፅና ሮም ደርሶ፣ በመጨረሻ ካቶሊክ ሆነ። በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በሆነው በካሳ ዘመን አሰሩት፤ በሰንሰለት እንደታሰረ ከጦሩ ጋር ሲንከራተት በ1855 እ.ኤ.አ. መንገድ ላይ ሞተ። በ1926 ሮም ብፁዕ ብላዋለች። እኔ ወለተ ጴጥሮስንና እሱን አንድ ላይ ነው የማስባቸው። አንቺ ደስ አይልሽም ይሆናል፣ ግን አልለያያቸውም። ሁለቱም በግድ አይሆንም ያሉ ናቸው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ክርክር ነው። በክርክር ግን እግዚአብሔርን አላወቅሁትም።

እኔ ልጅ ሆኜ እግዚአብሔር የመብራት ቆጣሪ ይመስለኝ ነበር። ደጅ ላይ ተሰቅሎ ዝም ብሎ ይመዘግባል። ስንት እንደፈጀህ ያውቃል፤ ካልከፈልክ ይቆርጣል። ስለዚህ በሩቁ መሳለም ነው፣ መሳለምና ማለፍ። አባታችን አንድ ቀን «ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብከው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። «እናቴ አዝላኝ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የቀረሁት። ከዚያ በኋላ እንደ ጓደኞቼ ሁሉ ስጋ ወደሙ ሲወጣ ወደ ኋላ የምሸሽ ሆንኩ። ማንም አልከለከለኝም። አልገባም፣ አልበቃሁም ብዬ ነው። አንቺም «ስሸመግል እቆርባለሁ» ትይ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?

እዚህ ያ መሸሽ ቀረ። ያቺ በነጠላዋ የሳቀችብኝ አሮጊት ሳምንት በሳምንት ትቆርባለች። «እንዴት ይደፍራሉ?» አልኳት። «የራበው ሰው ምን ድፍረት አለው ልጄ» አለችኝ። እኔም ከተቀበሉኝ ወዲህ እቆርባለሁ። እንዳንቺ ከእኩለ ሌሊት ጀምሬ ውኃም አልቀምስም፤ ይህን ማንም አላዘዘኝም፣ ካንቺ የያዝኩት ልማድ ነው። ከቆረብኩ በኋላ ታላቅ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማኝም፤ ይርበኛል። ብቻ ቀን በቀን ሥራ ላይ ሳለሁ የሚያየኝ እንጂ የሚመዘግበኝ እንዳልሆነ እያወቅሁት መጣሁ። ከእሱ ጋር ማውራት ጀመርኩ። መሰላል ላይ ሆኜ አወራዋለሁ። ረዳቴ እብድ ሳይለኝ አይቀርም።

ግን ከሚያይ ጋር መኖር አንድ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ ንስሐ ስገባ አንድ ነገር ዘለልኩ። ሁለተኛም ዘለልኩ። በሦስተኛው ተናገርኩት። እማዬ፣ የሙክቱ ገንዘብ። በ1999 ዓ.ም. ሐሙሲት ገበያ የሸጥሽው ሙክት፣ ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ቋጥረሽ ያኖርሽው 380 ብር። እኔ ነኝ የወሰድኩት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያ «ጓደኛዬ አውሶኝ ነው» ያልኩሽ ቴፕ በዚያ ብር የተገዛ ነው። ገለባው ውስጥ ደብቄ ማታ ማታ ፈታታሁት፤ ገጠምኩት፤ ደግሞ ፈታሁት። ዛሬ የምበላበት ሙያ የተጀመረው ከዚያ ነው።

እረኛችንን ነው የጠረጠርሽው። ማለ፣ አለቀሰ። ሐምሌ ነበር፤ የዓመት ደመወዙን ሳይቀበል፣ ያንን ዝናብ ለብሶ ሲወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከእኔ በሁለት ዓመት ያንስ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አባታችን ሰምተው ሲጨርሱ አልገሠጹኝም። ከፈቱኝ በኋላ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል። ልጁስ የት ነው?» አሉ። ንስሐዬ ይኸው ሆነ።

አራት ወር ፈለግሁት። እዚያው አፍንጫችን ሥር፣ ሐሙሲት ነው ያለው። ጎሚስታ ሆኗል። ስደርስ የባጃጅ ጎማ ገንዳ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። አላወቀኝም። ነገርኩት። እጁን ከውኃው አላወጣም። አረፋው ከአንድ ቦታ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ እሱ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይዞ ያየኛል። የደመወዙን፣ ከነዘመኑ አስልቼ፣ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ይዤ ነበር። አልነካውም። «ብሩ ይቆይ» አለ። «ለእማማ ነግረሃቸዋል?» ገና ነው አልኩት። «እሳቸው ናቸው ሌባ ብለው ያስወጡኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለምን እንደተባረርኩ ትጠይቀኝ ነበር። ለእማማ ንገርልኝ። እሳቸው ከጠሩኝ እመጣለሁ፤ ካልጠሩኝ አልመጣም።»

ይኸው ነገርኩሽ።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛው፣ ቁረቢ። እኔ ጋ ነይ አላልኩሽም፤ እዚያው በራስሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ። ሰባን አልፈሻል እኮ እማዬ፣ ከዚህ በላይ ሽምግልና የት ይመጣል?

ሁለተኛው ኅዳር 17 ነው። ለወለተ ጴጥሮስ በዓል እመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ እሳለማለሁ፤ ሰው ካጉረመረመ አላስቸግርሽም። ሙክት ይዤልሽ እመጣለሁ፣ በጀልባ ካስገቡኝ። ጾመ ነቢያት ስለሚገባ አይታረድም፤ እስከ ገና ታስሪዋለሽ። የጓዳሽን አምፖልም እቀይራለሁ። የጋብቻውን ጥያቄ ግን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ።

ያ እረኛችን ይምጣ አይምጣ ግን ውሳኔው ያንቺ ነው። መልሱን ለአክስቴ ልጅ ንገሪያት፣ እሷ ትጻፈው። ከተቆጣሽ እንደተቆጣሽ ትጻፈው፤ እንዳታለሰልሰው።

ልጅሽ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.