ጀማሪውን ስለ ካሜራ ከመምከራችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ፎቶግራፍ ማንሣትን የትርፍ ጊዜ ተግባራቸው ለማድረግ ለሚያስቡ ሰዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ምክር በጥሞና አነበብሁት። ብዙ የተደከመበት ጽሑፍ እንደሆነ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጀማሪው የትኛውን ካሜራና የትኛውን ሌንስ ቢገዛ እንደሚሻለው ሲያስረዳ፣ ሰው በምን ምክንያትና በየት በኩል ወደ ፎቶግራፍ እንደሚገባ ሳያነሣ ማለፉ ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሣሁ። እኔ መተዳደሪያዬ ሌላ ሥራ ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ካሜራ ከእጄ ያልተለየ ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት «መጀመር እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» እያሉ ወደ እኔ የመጡ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ጥቂት አይደሉም። ለረጅም ጊዜ አቅማቸውን እየጠየቅሁ፣ ዓይነቱን እየመረጥሁ እነግራቸው ነበር። አብዛኞቹ የገዙትን ካሜራ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው እንደረሱት ስመለከት ግን ጥፋቱ የእነርሱ ስንፍና ሳይሆን የእኔ መልስ መሆኑን ተረዳሁ።

አሁን የማምነው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ፎቶ አንሺ መሆን የሚጀምረው፣ ዓይኑ የወደደውን ነገር አንሥቶ ሲያበቃ፣ ያ የወደደው ነገር በምስሉ ውስጥ እንደሌለ አይቶ የተቆጨ ዕለት ነው። ካሜራ የሚገዛበት ቀን ከዚያ በፊትም ሊሆን ይችላል፣ በኋላም። ቁጭቱ የሌለበት ሰው ምርጥ የተባለውን መሣሪያ ቢታጠቅም ብዙ አይራመድም፤ ቁጭቱ ያደረበት ሰው ግን በእጁ ባለው ነገር መንገዱን ያበጃል። ስለዚህ ምክር ፈልጎ ለመጣ ጀማሪ ልናቀርብለት የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልታነሣ ፈልገህ እምቢ አለህ?» የሚለው ነው።

ከፎቶግራፍ አባቶች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ወደዚህ ሥራ የገባው በዚሁ ቁጭት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1833 በጣሊያን በኮሞ ሐይቅ ዳር ሆኖ የአካባቢውን ገጽታ በእርሳስ ለመሣል ይሞክር ነበር። ካሜራ ሉሲዳ የሚባለውን፣ በፕሪዝም አማካይነት የፊት ለፊቱን ዕይታ ወረቀት ላይ ያረፈ አስመስሎ የሚያሳየውን መሣሪያ ቢጠቀምም፣ ዓይኑን ከፕሪዝሙ ባነሣ ጊዜ በወረቀቱ ላይ ያገኘው የሚያሳዝን ጭረት ብቻ ሆነ። እጁ ያቃተውን ነገር ብርሃን ራሱ ወረቀት ላይ ቢያትመውስ የሚል ሐሳብ ያደረበት በዚያን ጊዜ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ በብር ውሕድ የተዘጋጀ ወረቀት በትንንሽ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ እያስገባ በቤቱ ዙሪያ ያስቀምጥ ጀመር፤ ሚስቱ እነዚያን ሣጥኖች የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። በ1835 ላኮክ አቢ በሚባለው መኖሪያው ውስጥ የአንድ መስኮት ምስል ያረፈበት፣ በመጠኑ ከቴምብር ብዙም የማይበልጥ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃኑ ጥቁር ጥላው ነጭ ሆኖ የሚታይበት ምስል፣ ሠራ። ታልቦት የትኛውን ካሜራ ልግዛ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ከሐይቁ ዳር ይዞት የተመለሰው ያመለጠውን ዕይታ ብቻ ነበር።

መሣሪያው ቀድሞ ቁጭቱ በኋላ የሚመጣበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ለእንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ለጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1863፣ በ48 ዓመቷ፣ ካሜራ በስጦታ ያበረከቱላት ሴት ልጇና የልጇ ባል ነበሩ። ካሜራው ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ምስሉም በኬሚካል በተቀባ መስተዋት ላይ የሚቀር ነበር። እርሷ ራሷ በኋላ እንደተረከችው፣ ሣጥኑን የት እንደምታቆም፣ በምታነሣው ሰው ላይ እንዴት ፎከስ እንደምታደርግ አታውቅም ነበር፤ የመጀመሪያውንም ምስል መስተዋቱን በእጇ አሽታ አጠፋችው። በ1864 መጀመሪያ ላይ ግን የአንዲት ሕፃን ልጅን ፊት አንሥታ «የመጀመሪያ ስኬቴ» አለችው። በእኔ አስተያየት ሥራው ላይ ያቆያት ካሜራውን ያገኘችበት ቀን ሳይሆን መስተዋቱን ያሸችበት ቀን ነው።

የራሴንም ልጨምር። የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ 36 ፎቶ የሚያነሣ ፊልም የገባበትን ካሜራቸውን ለአንድ ሳምንት አዋሱኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ልብስ ይጠግኑ ነበር። ከጎን የሚገባው ብርሃን በእጃቸው ላይ ያሉትን የደም ሥሮች አንድ በአንድ አጉልቷቸው፣ መርፌዋ ወጣ ባለች ቁጥር ጫፏ ብልጭ ስትል ስመለከት ልቤ ተነካ። ሙሉ ሰውነታቸው እንዲገባልኝ ብዬ ዞሬ ፊት ለፊታቸው ስቆም መስኮቱ ከኋላቸው ሆነ፤ እኔም ሳላስተውል አነሣኋቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ያገኘሁት ቦግ ያለ ነጭ መስኮትና ከፊቱ የተቀመጠ ጥቁር ጥላ ነበር። እጃቸው የለም፤ መርፌዋም የለችም። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ እየፈራሁ ወደ አጎቴ ሄድሁ። አጎቴ ፎቶውን ወደ ብርሃን አቅርበው ካዩት በኋላ «ምናቸውን ልትይዝ ነበር?» አሉኝ። «እጃቸውን» አልኋቸው። «እንግዲያው ነገ በዚያው ሰዓት መስኮቱን ከጎንህ አድርገህ ቁም፤ ቀረብም በል» ብለው ሌላ ፊልም ሰጡኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዓይናችን ከመስኮቱ ወደ ጥላው፣ ከጥላውም ወደ መስኮቱ ሲመላለስ በየጊዜው ራሱን እያስተካከለ ስለሚያይ ሁለቱንም አንድ ላይ ያየናቸው ይመስለናል። ካሜራ ግን ለጠቅላላው ዕይታ አንድ የብርሃን መጠን ብቻ ይመርጣል፤ ከፊቱ ትልቅ ብርሃን ካለ ያንን ለመቆጣጠር ሲል ሌላውን ያጨልመዋል። ይህን አስቀድሞ በመጽሐፍ አንብቤው ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት እንኳ በአእምሮዬ መቆየቱን እጠራጠራለሁ። አያቴን ከጠፉበት ጥላ ለማውጣት ስለ ተማርሁት ግን እስከ ዛሬ መስኮት ያለበት ክፍል ስገባ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ዛሬ ካሜራው ያለው በእጅ ስልክ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ የተለወጠ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አልተለወጠም። የእህቴ ልጅ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ በስልኳ አንሥታ ያሳየችኝ ጥቁር ሰማይ ላይ የተጣበቀች ነጭ ነጥብ ነበረች፤ «ስልኬ አይረባም፤ ካሜራ ግዛልኝ» አለችኝ። ጨረቃ በፀሐይ ብርሃን የተመታች ድንጋያማ መሬት ስለሆነች ለካሜራ እንደ ቀን ብርሃን ያለች ናት። ስልኩ ግን በአብዛኛው የሚያየው ጨለማ ሰማይ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ለማስገባት ይሞክርና ጨረቃዋን ያነጣታል። ልጅቱ ጣቷን ጨረቃዋ ላይ አሳርፋ፣ የብርሃኑን መጠን ዝቅ አድርጋ ደግማ ስታነሣ በነጭዋ ነጥብ ውስጥ ግራጫ ጥላዎች ብቅ አሉ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ጨረቃዋ ለምን እንደምታንስ ነበር። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ የስልኩ ሌንስ ግን እጅግ ሰፊ ዕይታ ለመያዝ የተሠራ መሆኑን ነገርኋት። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው ረጅም ሌንስ ለምን እንደሚያስፈልግ ያን ምሽት ገባት። አሁን ካሜራ ግዛልኝ ብትለኝ የምትጠይቀውን ታውቃለችና ደስ እያለኝ እረዳታለሁ።

ጀማሪዎችን የሚያስፈራቸው የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት፣ የሌንስ ቀዳዳ ስፋትና የአይኤስኦ ቁጥርም (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) በዚሁ መንገድ ቢመጣ የሚከብድ ነገር የለውም። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ሜትር የሚሮጥ ሕፃን ሹተሩ ለሴኮንድ 1/30ኛ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ፊቱ ብዥ ብሎ የሚወጣው ስለዚህ ነው። ፍጥነቱን ወደ 1/500ኛ ብናደርሰው ግን የሚጓዘው ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚገባው ብርሃን ስለሚቀንስ የሌንሱን ቀዳዳ ማስፋት ግድ ይላል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ቁጥሩ ማነሱ፣ ከ5.6 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2.8 በተሸጋገርን ቁጥር የሚገባው ብርሃን እጥፍ መሆኑ በዚህ አጋጣሚ ይታወቃል። ቀዳዳውም አልበቃ ሲል አይኤስኦውን ከፍ ማድረግና በምስሉ ላይ የሚመጣውን ሻካራነት መቀበል ይመጣል። የሮጠ ልጁን ፊት ያጣ አባት ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት ይማራቸዋል፤ እነዚሁ ቁጥሮች በሠንጠረዥ ተደርድረው አስቀድመው የተሰጡት ሰው ግን መጽሐፉን ከድኖ ይተኛል።

በሌላ በኩል የመሣሪያ መቅለል ለጀማሪው ያደረገለትን ማቃለል አልፈልግም። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ለገበያ ያቀረበው ኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ገብቶበት የሚሸጥ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፣ ፎቶዎቹም ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ተሞልቶ ይመለስለታል። በ1900 የወጣው ብራውኒ ደግሞ ልጆችም እንዲይዙት ታስቦ የተሠራ ተራ ሣጥን ነበር። በኋላ በተራሮች ፎቶግራፍ ስሙ የገነነው አንሰል አዳምስ በ1916፣ በ14 ዓመቱ፣ ዮሰሚቲ በተባለው ሸለቆ የመጀመሪያ ፎቶዎቹን ያነሣው በዚህ ዓይነት ሣጥን ነው። የዛሬው ብራውኒ በየኪሳችን ያለው ስልክ ነው፤ ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው። የማይበቃበት ቦታም አለ፤ ከሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ያለችን ወፍ የወደደ ሰው ረጅም ሌንስ ካላገኘ በስተቀር የሚያተርፈው ብዥ ያለ ነጥብ ነው። ይህን ሰው መሣሪያ መግዛት አያስፈልግህም ማለት ግፍ ይሆናል። እኔ የምለው ወፏ ከሌንሱ ትቅደም ነው።

ከመሣሪያው ቀጥሎ ጀማሪን የሚያሰናክለው ገና በጠዋቱ ሥራውን ለዳኝነት ማቅረቡ ነው። ያነሣውን ሁሉ በዕለቱ ለብዙ ሰው አሳይቶ የተወደደለትን መቁጠር የለመደ ሰው፣ ቀስ በቀስ ራሱ የወደደውን ትቶ ሌላው የሚወደውን ማንሣት ይጀምራል፤ ያኔ የራሱ ቁጭት ይደርቃል። ቪቪያን ማየር የተባለችው አሜሪካዊት ሞግዚት በትርፍ ጊዜዋ በጎዳና ላይ ከ100,000 በላይ ፎቶዎችን አንሥታ በሕይወቷ ሳለች ለሰው ያሳየችው እጅግ ጥቂቱን ነበር፤ ሥራዋ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ካረፈች በኋላ ነው። ማንም ጀማሪ ሥራውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይደብቅ አልልም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ከአንድ ከሚያምነው ሰው ጋር ብቻ ቢያሳልፍ ይጠቀማል፤ ያም ሰው «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ከማለቱ በፊት አጎቴ እንዳደረጉት «ምኑን ልትይዝ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ አነስተኛ ዓምድ ከፍታችሁ አንባቢዎች ያልተሳካላቸውን አንድ ፎቶና «ልይዘው የፈለግሁት ይህን ነበር» የሚል አጭር ማብራሪያ እንዲልኩ ጋብዙ፤ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ምን ቢያደርጉ ያ የፈለጉት ነገር በምስሉ ውስጥ ይገኝ እንደነበር በሚገባ ቋንቋ ይመልሱላቸው። የካሜራ ስምና ዓይነት የግድ ካልሆነ በቀር ባይነሣ እመርጣለሁ። ሥራው የሚጠይቀውን ጊዜ አውቃለሁና ከሚመልሱት አንዱ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ። አያቴ ጥቁር ጥላ ሆነው የወጡበት ፎቶ ከነኔጋቲቩ አሁንም አብሮኝ አለ፤ ዓምዱ የሚከፈት ከሆነ ለመጀመሪያው ዕትም የምልክላችሁ እርሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ