ለልጄ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ስለፈጀ አንድ ምርመራ

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

አራት ኪሎ አካባቢ በኪራይ ቤት የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታናሹ ልጄ ባለፈው ጥር አምስት ዓመት ሞላው፤ ኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ ከዕድገቱ ጀምሮ የተለየ የሚያደርግ ሁኔታ) እንዳለበት በቃል የተነገረኝም በዚያው ወር ነው። የመጀመሪያውን የሪፈር ወረቀት የተቀበልነው ግን ልጁ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሳለ ነበር። በመካከሉ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አለፈ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ላስረዳችሁና ከእኛ በኋላ ለሚመጡ ልጆች እንዲያጥር ልለምናችሁ ነው።

የሄድንባቸውን ተቋማት ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አንድን ቤት ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ በየደረሱበት ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸውን ወላጆች በየወረፋው ላይ አግኝቻለሁና። ያከሙን ባለሙያዎችም አብዛኞቹ በአንድ ጠዋት ሊያዩት ከሚችሉት በላይ ሕመምተኛ ደጃቸው ላይ ተሰልፎ የሚጠብቃቸው፣ እንደዚያም ሆነው በትሕትና ያስተናገዱን ሰዎች ናቸው።

ልጄ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነው ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ፤ ቀኑ በክትባት ካርዱ ላይ ተጽፏል። ያን ዕለት ክብደቱ ተለካ፣ ቁመቱ ተለካ፣ የክንዱ ዙሪያ ሳይቀር ተለካ። ስሙን ስንጠራው ዞር ይል እንደሆነ፣ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያሳየን እንደሆነ፣ የሆነ ነገር አይቶ እኛም እንድናይለት ወደ እኛ ይመለከት እንደሆነ ግን የጠየቀን አልነበረም። ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ «አይ» እል ነበር፤ ስሙን ስጠራው እንደማይዞር ከዚያ በፊት አስተውዬ ለማንም ሳልናገር ይዤው ነበርና። (ክትባት ከኦቲዝም ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በብዙ አገር በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች መረጋገጡን እዚህ ላይ መናገር ግዴታዬ ነው። በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ልጇን ከማስከተብ የምትቀር እናት እንድትኖር አልፈልግም።)

ከዚያ በኋላ «ውሃ»፣ «አባ» እና «እንካ» የሚሉት ሦስት ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ዘመድ ሁሉ አጽናናን። አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው አሉን፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል አሉን፤ ቴሌቪዥን አብዝቶ አይቶ ነው፣ ዝጉበት አሉን። ዘጋንበት። ጸበልም ወሰድነው፤ በዚህ አልጸጸትም፣ ያጠመቁት አባትም «ሐኪም ዘንድም አሳዩት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም» ብለው ነው የሸኙን። ልጄ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ይዞ ሲሚንቶው ላይ ያሽከረክር ነበር። ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ሊወድቅ ሲል ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ጆሮውን ያስጠጋና ድምፁ እስኪያልቅ ያዳምጣል፤ ሲያልቅም እንደገና ያስነሣዋል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ይህን ለሐኪም ለመናገር ዕድል ያገኘሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለሆንን ጉዞው የሚጀምረው ከወረዳችን ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሪፈር ተጽፎልን ወደ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሄድን፤ የሕፃናት ክፍሉ በመጀመሪያ ጆሮው ይታይ አለ። ይህ ትክክል ነበር፤ የመስማት ችግር ያለበት ልጅም ሲጠሩት አይዞርም፣ አይናገርም፤ ስለዚህ ቀድሞ መለየት አለበት። ችግሩ መሣሪያው ተበላሽቶ አራት ወር መጠበቃችንና በመጨረሻም በግል ከፍለን ማሠራታችን ነበር። ጆሮው ደኅና ሆነ። ቀጥሎ የጭንቅላት ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል የሚያነሣ ምርመራ) እና ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ታዘዘ። ልጄ የሚጥል በሽታ ምልክት ታይቶበት አያውቅም፤ የተጠየቅሁትም የለም። ልጁ ዝም ብሎ ስለማይተኛ በማደንዘዣ ተኝቶ ተመረመረ፤ ዋጋውንም ከዕቁብ ቀድመን በወሰድነው ብር ከፈልን። ውጤቱን ያየው ባለሙያ «ምንም የለበትም፣ ደስ ይበላችሁ» ብሎ መለሰን፤ እኛም ለሦስት ወር ያህል ደስ ብሎን ቆየን።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ሦስት ወር ነው። ኦቲዝም በደም ምርመራ፣ በራጅ ወይም በጭንቅላት ፎቶ የሚታወቅ ነገር አይደለም። የሚታወቀው የሠለጠነ ባለሙያ ልጁ ሲጫወት፣ ሲግባባና ሲያኮርፍ በጥሞና ተመልክቶ፣ የወላጅንም ታሪክ ከእርግዝና ጀምሮ በዝርዝር ጠይቆ ነው። የሚጥል በሽታ ከተጠረጠረ ወይም ሌላ ምልክት ካለ መሣሪያዎቹ የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ኦቲዝም የለም ለማለት ግን አያስችሉም። ስለዚህ ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ሰው፣ ጸጥ ያለ ክፍልና በቂ ሰዓት ነው። እኛ ያገኘነው ግን ጠባብ ኮሪደር፣ ከመስኮቱ ሥር የሚያጓራ ጄኔሬተር እና በመጨረሻ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ድምፅ የሚያስፈራው ልጅ በዚያ ኮሪደር ሦስት ሰዓት ተኩል ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ነጠላዬን ራሱ ላይ ደርቤ ጆሮዎቹን በሁለት እጄ ይዤለት ነበር፤ እየጮኸ ክንዴን ነከሰው። አጠገባችን የነበሩ እናት «ቅብጠት ነው፣ አንድ ጊዜ ቆንጠጥ አድርጊው» አሉኝ። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ ልጄ አልቅሶ ደክሞት ደረቴ ላይ ተኝቶ ስለነበር፣ ሊታይ የመጣው ልጅ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ታይቶ ወጣ።

ስለ መጠይቁም መናገር አለብኝ። የተሰጠን ቅጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር ነርሷ እያነበበች እዚያው ትተረጉምልኝ ነበር። አንዱ ጥያቄ «ልጅሽ ዐይን ለዐይን ያይሻል?» የሚል ሆነ፤ መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። እኛ ልጆቻችንን ታላቅ ሲናገር ዐይናችሁን ዝቅ አድርጉ እያልን ነው የምናሳድገው፤ ታላቋ ልጄም አስተማሪዋ ፊት እንዲሁ ናት። በእርሷና በወንድሟ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። እርሷ አቀርቅራም ሳለ እዚያ መኖሬን ታውቃለች፤ ዳቦ ስቆርስ፣ አባቷ በር ሲከፍት ፈጥና ቀና ትልና ፊቴን ታነባለች። እርሱ ግን ውሃ ሲፈልግ አንጓዬን ይዞ እጄን እንደ ዕቃ ወደ ጆግ ይወስደዋል፣ ፊቴን አያየውም። ይህን ለነርሷ ሳስረዳት «አዎ ልበል ወይስ አይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌላ የምትጽፍበት ቦታ አልነበራትምና። የእኛን አስተዳደግ በሚያውቁ ባለሙያዎች የተዘጋጀ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን የተሞከረና የተመዘነ መጠይቅ በየሆስፒታሉ ቢኖር፣ አንዲት ነርስ በወረፋ መካከል የትርጉም ሥራ ባልተጣለባትም ነበር።

ከዚያ ወደ ሕፃናት የሥነ አእምሮ ክፍል ተላክን። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞች ቁጥር ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለቀጠሮው መርዘም ማንንም አልወቅስም። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ግን ከካዛንቺስ ወደ አራት ኪሎ ቤት ቀይረን ስለነበር የቀድሞው ወረዳ ሪፈር አይሠራም ተባልንና ከካርድ ክፍል ተመለስን። አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ የመድን ካርድ፣ አዲስ ሪፈር እስክናወጣ ቀጠሮው አለፈ፤ አዲሱ ቀጠሮም ከወረፋው መጨረሻ ተጀመረ። በቀረብን ቁጥር ሐኪሙ ሌላ ነበር፤ እኔም ሁሉንም ከእርግዝናዬ ጀምሬ ለአራት ሐኪሞች አራት ጊዜ ተናገርሁ። በአራተኛው ጊዜ አንዲት ወጣት ሐኪም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የጠርሙስ ክዳን አሽከረከረችለት። ልጄ ቀስ ብሎ ቀረባትና ተጋድሞ ጆሮውን አስጠጋ። እርሷም አብራው ተጋደመች። ለአርባ ደቂቃ ያህል አየችው፤ ከዚያም የሆነውን በጥንቃቄና በርኅራኄ ነገረችኝ። ይህ ክፍል፣ ይህች ሐኪምና ይህ አርባ ደቂቃ ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በፊትም በዚህችው ከተማ መኖር ይችሉ ነበር።

በዚህም አላበቃም። መዋዕለ ሕፃናቱ ልጁን ለመቀበል የሕክምና ማስረጃ አምጡ አለን። ሆስፒታሉ ደግሞ ማስረጃ የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው አለ። ትምህርት ቤቱ ያልመዘገበውን ልጅ በተመለከተ ደብዳቤ እንደማይጽፍ ነገረን። እስከ ዛሬ በእጄ ያለው የካርድ ቁጥርና በቃል የተነገረኝ ስም ብቻ ነው።

የጉዳዩ ስፋት ለእናንተ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 25 ችግሩን በጊዜ መለየትንና በጊዜ መርዳትን ከጤና አገልግሎት ግዴታዎች ውስጥ ያስገባዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ይህም ሆኖ ሸክሙን ለረጅም ጊዜ የተሸከሙት ወላጆች ናቸው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ የሚያስተምሩበት ቦታ ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በዚህች ከተማ አቋቋሙ። እኚህ ሴት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ብዙ ወላጆች እንደ ቤተሰባቸው አልቅሰውላቸዋል።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በአንድ ዓመት ከሦስት ወር የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት አጋጣሚ አድርጉት፤ እናቲቱ እዚያው ናት፣ ልጁ እዚያው ነው፣ ሚዛኑም እዚያው ነው። ክብደት ከሚለካው ባለሙያ ጎን አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ብትጨምሩ፣ የተጠረጠረውን ልጅ ቀጥታ ለሚመለከተው ክፍል የሚልክ አንድ መንገድ ብታበጁና ሪፈሩ ተከራይ ወረዳ በለወጠ ቁጥር የማይሞት ቢሆን፣ በወር የሚቆጠር ጊዜ ይተርፋል። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስም ልጁ ያለ እርዳታ መቀመጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያም ሠልጥኖ ሊሰጠው የሚችል ነው። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆነ፣ የእድገት መዘግየት ለታየባቸው ልጆች ወላጆች የተሰናዳ በመሆኑም የችግሩ ስም እስኪታወቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። እኔ ልጄ ክዳኑን ሲያሽከረክር አጠገቡ መጋደምን ከዚያች ሐኪም ከተማርሁ አራት ወር ሆነኝ። አሁን ሦስት ጊዜ ካሽከረከረ በኋላ ክዳኑን ወደ እኔ ይገፋዋል፣ ተራዬን ይሰጠኛል። ይህን በሁለት ዓመት ከሰባት ወሩ ብማረው ኖሮ ዛሬ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል።

ማስረጃውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ የሰጠን ቀጠሮ ሐምሌ 14 ቀን ነው፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምዝገባ ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ስላለው ነገር የሚረዳኝን ክፍል ወይም ባለሙያ እንድትጠቁሙኝ፣ ለሌሎቹ ጥያቄዎቼም በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሙሉ ስሜንና አድራሻዬን ለቢሮው መዝገብ ቤት ከማስገባው ቅጂ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ የአምስት ዓመት ልጅ እናት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ