ለዶርሞቻችን ዋይፋይ ኬብል፣ ባትሪና ፋይበር እንግዛ

ለግቢያችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ ሁሉ፣

የዶርም ዋይፋይ ነገር በየባቹ ግሩፕ በተነሣ ቁጥር መፍትሔ ተብሎ የሚጻፈው ያው ነው፤ ኢንተርኔቱ ይጨመር፣ አዲስ ራውተር ይገዛ። ዛሬ እጃችንን የዘረጋንላችሁ ግን ለሁለቱም አይደለም። የምንለምናችሁ ኬብል፣ ስዊች (ኔትወርኩን ለብዙ ኬብሎች የሚያከፋፍል ዕቃ)፣ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚያቆይ መጠባበቂያ) ባትሪና በሕንፃዎች መካከል የሚዘረጋ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያሳልፍ ገመድ) እንድትገዙልን ነው። ዓይን የማይስቡ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለምን ለእነሱ እንደሚውል በዝርዝር ማስረዳት አለብን።

ቡድናችን በኔትወርክ ሥራ ላይ የተሰማሩ የቀድሞ ተማሪዎች፣ አሁን በመማር ላይ ያሉ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች፣ እንዲሁም የግቢው የአይሲቲ ባለሙያዎች ያሉበት ነው። ከየብሎኩ ፕሮክተር ጋር እየተነጋገርን ፎቅ በፎቅ ዞረን ለካን። ወደ ግቢው የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው፤ ላብ ውስጥ በኬብል የተያያዘ ኮምፒውተር ያለ ችግር ይሠራል። ችግሩ ያለው ከዶርሙ ስዊች አንሥቶ እስከ ተማሪው ስልክ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። በአንደኛው የሴቶች ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ቀን ደህና ውሎ ማታ ማታ እየጠፋ ይነሣል። ተበላሽቷል ተብሎ በሌላ ተተካ፤ አዲሱም ያንኑ አደረገ። ኬብሉን ከጫፉ ቆርጠን ሽቦውን በምላጭ ስንፍቀው ቀዩ ተነሥቶ ከውስጥ ነጭ ወጣ። መዳብ ሳይሆን መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነበር። ካርቶኑ ላይ ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው) ተብሎ የተጻፈበት፣ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ዓይነት ነው። አክሰስ ፖይንት መብራት የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ነው። በተለመደው ስታንዳርድ ስዊቹ 15.4 ዋት ይልካል፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ ዕቃው ጋ 12.95 ዋት መድረስ አለበት። ይህ ስሌት የተሠራው ግን ለመዳብ ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ይበልጥ ኤሌክትሪክን ስለሚገታ መንገድ ላይ የሚባክነው ይበዛል። ቀን ሰው ሲያንስ የደረሰው ይበቃል፤ ማታ ልጆቹ ሁሉ ገብተው ዕቃው ብዙ ሲሠራ ግን ቮልቴጁ ይወርድና ይጠፋል። እንዲህ ባለ ኬብል ላይ ምርጥ የተባለውን አክሰስ ፖይንት ብንሰቅልም ለውጥ አይመጣም።

እዚያው ብሎክ ሌላ መስመር ላይ ደግሞ ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ሆኖ ጫፉ ላይ ሽቦዎቹ የተሰኩበት ቅደም ተከተል ተሳስቶ አገኘን። ስምንቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥማዛው ነው አንዱ ጥንድ የሌላውን ሲግናል እንዳይረብሽ የሚጠብቀው። ሦስተኛውና ስድስተኛው ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡት ሽቦዎች የአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። የዘረጋው ሰው ግን ጥንዶቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ነው የሰካቸው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ርካሹ ቴስተር ከ1 እስከ 8 በተራ እያበራ "ደህና ነው" ይላል። ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀመር ግን ኮኔክሽኑ ይንቀረፈፋል፣ ይቆራረጣል። ቆርጠን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ስንሰካው በዚያው ቀን ተስተካከለ። ከምንጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ ይህን ዓይነት ስሕተት የሚለይ መሣሪያ ነው። አንድ ጊዜ ተገዝቶ በግቢው ቢቀመጥ ወደፊት የሚዘረጋ መስመር ሁሉ ሳይፈተሽ አይረከብም።

ያለ ገንዘብ የሚሠራውን ሠርተናል። ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አድራሻ (መለያ ቁጥር) ያስፈልገዋል፤ አንድ ብሎክ በሙሉ የተመደበለት ግን 254 አድራሻ ብቻ ነበር። ተማሪው ስልክም ላፕቶፕም ያገናኛል፤ ቀድሞ የገባው አድራሻውን ለቀናት ይዞ ስለሚቆይ ዘግይቶ የመጣው የዋይፋዩን ስም እያየ መግባት ያቅተዋል። ባለሙያዎቹ ለየብሎኩ ወደ 1022 አድራሻ አስፍተውታል፣ የቆይታ ጊዜውንም አሳጥረውታል። ቻናሎቹንም (አክሰስ ፖይንቶቹ የሚያሰራጩባቸውን የሞገድ መስመሮች) አስተካክለናል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ የእኛዎቹ አብዛኞቹ 6 ላይ ተከማችተው እርስ በርስ ይረባበሹ ነበር። የስርጭት ኃይላቸውም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። አክሰስ ፖይንቱ በሜጋፎን እየጮኸ ስልኩ በሹክሹክታ የሚመልስ ከሆነ መስማማት የለም። ልጆቹ "ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም" የሚሉት ይህን ነው። ኃይሉን ቀንሰን ከሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ ከ5 ጊጋኸርዝ ጋር ስናመጣጥነው ብዙ ክፍሎች ላይ ተሻሽሏል።

ከስርቆት ለመጠበቅ ተብሎ በብረት ሳጥን የተቆለፈባቸውም አሉ። ብረት የሬዲዮ ሞገድ ስለማያሳልፍ የሚወጣው በቀዳዳዎቹ በኩል ያለው ብቻ ነው። የጥበቃው ሥጋት እውነተኛ ስለሆነ ሳጥኖቹን ዝም ብለን አንፈታም፤ ቁልፍ ባላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች እንተካቸዋለን። ሁሉም የተሰቀሉት ደግሞ ኮሪደር ላይ ነው። በብሎኬቱ ግድግዳና በብረቱ በር አልፎ ጫፍ ላይ ላሉት ክፍሎች የሚደርሰው ሲግናል በጣም ጥቂት ነው። አሁን ያሉትን አክሰስ ፖይንቶች አዛውረን ብናቀራርባቸው ይበቃሉ፤ ለዚያ ግን አዲስ የኬብል መስመር ያስፈልጋል።

በጣም የሚያሳስበን መብራቱና መብረቁ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ፣ ኋላም ተመልሶ ሲመጣ፣ በእያንዳንዱ ብልጭታ ስዊቹ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከሱ ሥር ያሉት ሁሉ ተከትለው ይጠፋሉ። ዩፒኤስ አለ፤ ባትሪው ግን የሞተ ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም በየጊዜው መቀየር ነበረበት። ከሱ የባሰው በአንዳንድ ብሎኮች መካከል በውጭ የተዘረጋው የመዳብ ኬብል ነው። ክረምት ላይ መብረቅ በአካባቢው በወደቀ ቁጥር ኃይሉ በሽቦው ተጉዞ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን የስዊች ፖርቶች ያቃጥላል። ርዝመቱም ቢሆን ለመዳብ ኬብል ከተፈቀደው 100 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለ። ፋይበር ግን የሚያሳልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ መብረቁ በሱ ውስጥ አይሻገርም። በየክረምቱ የሚቃጠለውን ስዊች እየተኩ ከመኖር አንድ ጊዜ ፋይበር መዘርጋት ይሻላል፤ ከጠቅላላ ወጪያችን ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናል። ሞዴል ፈተናው፣ የቪዲዮ ትምህርቱ፣ መምህሩ በቴሌግራም የሚለቀው ሃንድአውት ሁሉ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቤተሰቡ የሚልክለት ልጅ ፓኬጅ ይገዛል። የማይላክለት ግን ሲግናል በሚገኝበት ደረጃ ላይ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ እኩለ ሌሊት ድረስ ይቀመጣል። ሥራውን ከሴቶች ብሎኮች ለመጀመር የወሰንነው ደግሞ ላይብረሪው ሩቅ ስለሆነና መንገዱ ሲመሽ ስለሚጨልም ነው። አንዲት ልጅ ለአሳይመንት ብላ በሌሊት ያን መንገድ እንድትሄድ መገደድ የለባትም።

ግቢው ለምን ራሱ አይገዛም የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ጠይቀናል። የጥገና በጀት አለ፤ ግን ለብዙ ነገር ይከፋፈላል፣ ግዢውም የራሱን ጊዜ ይወስዳል፣ የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ይዘጋል። ግቢው የሠራተኛ፣ የመሰላልና የመጓጓዣ ወጪውን ሊሸፍን ተስማምቷል። እኛ ዕቃውን እናቅርብ።

በመጀመሪያው ዙር ሦስት የሴቶች ብሎኮችን እንጨርሳለን። ለእያንዳንዱ ብሎክ ባለ 305 ሜትር የንጹሕ መዳብ ካት 6 አራት ካርቶን፣ ኃይል የሚሰጥ ባለ 24 ፖርት አንድ ስዊች፣ የዩፒኤስ ባትሪዎችና የፕላስቲክ ሳጥኖች ያስፈልጋሉ። ፋይበሩና መፈተሻ መሣሪያው ለሁሉም በጋራ ነው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ እየሰበሰብን ነው፤ ዝርዝሩ በየባቹ ተወካይ በኩል ይደርሳችኋል። ኬብሉን ሳንፍቅ አንረከብም።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰዎች የጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ነው፤ አንዷ ፈራሚ ከአሁኑ የሴት ተማሪዎች ተወካዮች ናት። የተገዛው ዕቃ ሁሉ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) የግቢው ንብረት ሆኖ ገቢ ይደረጋል። የደረሰኝና የሞዴሉ ፎቶ ለእያንዳንዱ ባች ይላካል። ሂሳብ ቁጥሩን ከባች ተወካያችሁ ብቻ ውሰዱ፤ በስማችን ሌላ ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ አትቀበሉት።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ቤታችሁ የተረፈ ራውተር ለመላክ ያሰባችሁ አላችሁ። ቅንነታችሁን እናመሰግናለን፤ ግን እባካችሁ አትላኩ። የተለያየ ዓይነት ዕቃ በአንድ ላይ ማስተዳደር ስለማይቻል ሥራውን ያበዛብናል፤ የገመድ አልባ መሣሪያ ወደ አገር ለማስገባትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ገንዘቡን ብትልኩ ይሻለናል። ከናንተ መካከል ፋይበር በመበየድ ሥራ ልምድ ያለው ካለ ግን ሁለት ቅዳሜ ቢሰጠን ትልቅ እርዳታ ነው።

ብሎኮቹ ባዶ የሚሆኑት ተማሪው ለክረምት ሲወጣ ነው፤ ግድግዳ የምንበሳውና ኬብል የምንስበውም ያኔ ነው። ዕቃው እስከ ሰኔ 20 ግቢ ካልገባ ሥራው አንድ ዓመት ይገፋል። አንድ ካርቶን ኬብል አንድ ባች ሊችለው ይችላል፤ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ተሰባስባችሁ አንድ ባትሪ መሸፈን ትችላላችሁ። የምትችሉትን ከግንቦት መጨረሻ በፊት ለባች ተወካያችሁ አሳውቁ።