በውሻችን ጉዳይ ለደረሳችሁልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን ሰፈር የምንኖር ቤተሰብ፣ ቦቢ የተባለው ውሻችን ጠባዩ በድንገት ተለውጦ በተጨነቅንበት ወቅት ለደረሳችሁልን ሁሉ ምስጋናችንን በአክብሮት እናቀርባለን።

በቅድሚያ የምናመሰግነው በራችን ላይ ኳሱን ሊያነሳ ሲያጎነብስ እጁን የተነከሰውን ልጅና ወላጆቹን ነው። እናቱ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ጤና ጣቢያ በማድረስ ክትባቱን አስጀመሩ። ብዙ ሰው «ዛሬውኑ ይገደል» ሲል አባቱ ግን የሐኪም ምክር ተቀብለው ጎረቤቱን አረጋጉልን፤ የነከሰ ውሻ ተለይቶ ታስሮ ለ10 ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ዕለት የእብድ ውሻ በሽታን አላስተላለፈም ማለት ነውና።

ምክሩን የሰጡት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ፣ ስሜ አይነሳ ስላሉ አንጠቅሰውም። እኚህ ሰው ውሻው ከፋ ከማለት በፊት ምን አሞት ይሆን ብለው መረመሩት፤ ጆሮው ውስጥ የተሸጎጡ መዥገሮችና ያመረቀዘ ቁስል ተገኘ። ለካስ ወደ ራሱ የሚዘረጋ እጅ ሁሉ ያስፈራው የነበረው ስለሚያመው ኖሯል! ቁስሉ ከዳነ በኋላም ፍርሃቱ ስላልለቀቀው፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል በገመድ ይዘነው፣ አላፊ አግዳሚውንና ባጃጁን እያየ ሳይጮህ ሊቆይ ከሚችልበት ርቀት ጀምረን ቁራጭ ሥጋ እየሰጠን ርቀቱን በጥቂት በጥቂቱ እንድናሳጥር፣ ሲያጉረመርም ደግሞ ሳንቆጣው ወደ ኋላ እንድንመለስ አሠለጠኑን። በማጉረምረሙ የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ትቶ በቀጥታ መንከስ ሊለምድ እንደሚችል ያስረዱን እርሳቸው ናቸው። ዱላ ይዘው ሊገሩት የመጡትን አንድ ዘመዳችንን በጨዋ ደንብ የመለሷቸውም እርሳቸው ሲሆኑ፣ ዘመዳችን ዛሬ ዋነኛ ሥጋ አቅራቢ ሆነዋል።

ለልምምዱ ሲባል በበራችን እየተመላለሱ፣ ሞተር እያጠፉና እያስነሱ ሒሳብ አንቀበልም ያሉንን የሰፈራችንን የባጃጅ ሾፌሮችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ቦቢ አሁን ጎረቤት ሲያልፍ ዝም ብሎ ያያል። ሆኖም ሐኪሙ ባዘዙት መሠረት ከግቢ ሲወጣ የአፍ ማሰሪያ ይደረግለታል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ይወስዳል፤ ወላጆችም ልጆቻችሁ ያለ እኛ እንዳይቀርቡት እንድትነግሩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቦቢ ቤተሰቦች፤ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ